ከዱርንሽታይን በስተቀኝ

«ሳንደር ሊያገባ ነው» አለ ራዶሚር።

ይህን ሲል የመጀመሪያው አይደለም። በሚያዝያ ብሎታል፣ በሰኔም ብሎታል። «ልዕልት ጊዜላ» የምትባለው የመንገደኞች መርከብ ከሬገንስበርግ ተነሥታ በዳኑብ ወንዝ ቁልቁል ወደ ቡዳፔስት በወረደች ቁጥር፣ ይህ ሰርቢያዊ መጠጥ ቀጂ ብርጭቆ እየወለወለ ያንኑ ወሬ ይደግማል። በደገመ ቁጥርም ይጨምርበታል። መጀመሪያ ሙሽራዋ የአንድ ሆላንዳዊ መርከበኛ ልጅ ብቻ ነበረች። በሰኔ አባቷ የሁለት ጭነት መርከብ ጌታ ሆነ። አሁን፣ በመስከረም መጨረሻ፣ መርከቡ አራት ደርሶ ሮተርዳም ላይ ቤት ተጨምሮበታል።

«በሚቀጥለው ጉዞ ወደብ ትመርቅላታለህ» አለችው ኢልዲኮ፣ የጫማዋን ክር እያሰረች።

«እኔ ምን ቸገረኝ እህቴ? የሰማሁትን ነው። ሊንዝ ላይ ከወርቅ ቤት ሲወጣ ያየው ሰው አለ።»

«ማን ነው ያየው?»

«ሰው።»

«ሰውየው ሥራ የለውም?»

«ሥራውማ ማየት ነው» ብሎ ሳቀ።

ኢልዲኮ አልሳቀችም። አንገቷን ደፍታ ከክሩ ጋር መታገሏን ቀጠለች። የደፋችውም ፈገግታዋን ለመደበቅ ነበር። ቀለበት ተገዝቶ ከሆነ የማን ጣት ላይ እንደሚገባ ታውቃለች። ታውቃለች ማለት፣ የምታውቅ ይመስላታል። በማወቅና በመምሰል መካከል ስንት ወንዝ እንደሚፈስ ያን ጠዋት አልታያትም።

ሥራዋ ማስጎብኘት ነው። ዳኑብ ዳር ሞሃች በምትባል የሃንጋሪ ከተማ ከጡብ ሠራተኛ ተወልዳ፣ ጀርመንኛን ከሬዲዮ፣ እንግሊዝኛን ከመንገደኞች አፍ ለቅማ፣ የነገሥታቱን የዘር ሐረግ ሽፋናቸው ከወለቀ አሮጌ መጻሕፍት በራሷ አጥንታ ነው እዚህ የደረሰችው። ዲግሪ የላትም። ምላስ ግን አላት፤ ዲግሪ ያላቸው አስጎብኚዎችም ይህን ያውቁታል።

ስድስት ዓመት ሙሉ ቁጥር የተጻፈበት ቀይ ዘንግ ሽቅብ ይዛ፣ ሰው እንደ ጫጩት እያስከተለች ዞራለች። በሬገንስበርግ የድንጋይ ድልድይ ላይ ሰይጣን ከግንበኛው ጋር የተዋዋለውን ትናገራለች። በፓሳው ሦስቱ ወንዞች ሲገናኙ የውሃቸው ቀለም ለየቅል መሆኑን ታሳያለች። በሜልክ ገዳም ደረጃ ላይ ቆማ የምትቀልደው ቀልድ አለ፤ እዚያችው ደረጃ ላይ ቆማ ትቀልደዋለች፣ ባለፈው ሰው የሳቀበት ቦታ ላይ የዛሬውም ሰው ይስቃል። ከተሞቹን ታሳያለች እንጂ እሷ ራሷ ካየቻቸው ቆይታለች። ስለ ቪየና ሲጠይቋት መጀመሪያ ትዝ የሚላት የመጸዳጃ ቤቱ ወረፋ ነው።

«ዛሬም ቤተ ክርስቲያን ነው እንዴ?» ብለው ነበር በዚያው ጉዞ ሚስተር ሃርግሪቭ የሚባሉ እንግሊዛዊ ሽማግሌ። «በእግዚአብሔር አምናለሁ ልጄ፤ ጉልበቴ ግን ክዷል።»

«ይሄ እንኳ ቤተ ክርስቲያን አይደለም ጌታዬ፤ ካቴድራል ነው።»

«ምን ልዩነት አለው?»

«ደረጃው ይበዛል።»

ሽማግሌው ከልባቸው ሳቁ። እሷም ከከንፈሯ ሳቀች።

ከዚህ ሁሉ ድካም መካከል የራሷ የሆነ አንድ ነገር ብቻ ነበራት።

«ጊዜላ» ቁልቁል ስትወርድ እኅቷ «ኦዲሊያ» ሽቅብ ትወጣለች። የሁለቱም ባለቤት አንድ ነው። የሚገናኙት በዋኻው ሸለቆ፣ ከዱርንሽታይን ፍርስራሽ ግንብ ሥር፣ በቀትር ነው። በመልሱ ጉዞ ሲተላለፉ ሰው ሁሉ በእንቅልፍ ላይ ስለሆነ እሱ አይቆጠርም። ወንዝ ደግሞ ሕግ አለው። ሁለት መርከቦች ሲገናኙ እንደ መኪና ግራ ለግራ ይተላለፋሉ። ሽቅብ የሚወጣው በቀኝ መተላለፍ ከፈለገ ግን ከመሪው ክፍል ጎን ትልቅ ሰማያዊ ሰሌዳ ያወጣል፤ የሚወርደው አይቶ እሺ ይላል። ሳንደር የ«ኦዲሊያ» ምክትል ካፒቴን ነው። ዱርንሽታይን ሲደርስ መሪውን የሚይዘው እሱ ነው፤ በያዘም ቁጥር ሰሌዳውን ያወጣል።

ለምን እንደሚያወጣ ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም። በዚያ ሰዓት የ«ጊዜላ» መንገደኞች በሙሉ የመርከቧ ጣሪያ ላይ በስተግራ ታጭቀው፣ የእንግሊዝ ንጉሥ ታስሮበት የነበረውን ግንብ አንገታቸውን ቀና አድርገው ያያሉ። ኢልዲኮ በድምፅ ማጉያ ንጉሡን ታስረዋለች፣ ታስርበዋለች፣ ታስጠማዋለች። ሰው ሁሉ ወደ ንጉሡ ሲዞር እሷ ቀስ ብላ ወደ ቀኝ ትዞራለች። «ኦዲሊያ» በዚያ በኩል፣ እጅ ለእጅ ሊያያዙ እስኪቃረቡ ተጠግታ ታልፋለች። ሳንደር በመስኮቱ ብቅ ብሎ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ያደርጋል። አንድ ትንፋሽ ነው። አፏ ስለ ንጉሡ መናገሩን አያቆምም፤ ልቧ ግን ንጉሡ ማን እንደነበር እንኳ አያስታውስም።

ገና ስልክ በየኪሱ ያልገባበት ዘመን ነው። የመርከብ ሬዲዮ ቢኖርም የአደባባይ ነው፤ በሬዲዮ የተነፈሰ ፍቅር ከፓሳው እስከ ጥቁር ባሕር ጆሮ አለው። ስለዚህ ሦስት በጋ በትንፋሽ ተዋደዱ። ትርፉን ያገኙት፣ አንዳንዴ በመልሱ ጉዞ አንዷ መርከብ ዘግይታ ሁለቱም ቪየና ላይ ሲገጣጠሙ ነበር።

ቪየና ላይ ወደቡ ስለሚጠብ መርከቦች ጎን ለጎን ይታሰራሉ። የውጭኛዋ መንገደኛ በውስጠኛዋ ሳሎን አቋርጦ ነው ምድር የሚረግጠው። ከዚያ ከወርቅ ቤቱ ወሬ በፊት በነበረው ጉዞ፣ ሰዎቹ ሁሉ ከከተማው አስጎብኚ ጋር ቤተ መንግሥት ሊያዩ ሄደው፣ ኢልዲኮና ሳንደር እሷ በመርከቧ፣ እሱ በመርከቡ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ነበር። መካከላቸው ክንድ የማይሞላ ውሃ አለ።

«አባቴ ወገቡን ይዞታል» አላት። «ከዚህ በጋ በኋላ መርከቡን የምረከበው እኔ ነኝ። ራይን ላይ ነው፤ እህልና ጠጠር ነው የምንጭነው። ቤታችንም እሱ፣ ግቢያችንም እሱ።»

«ታዲያ ሂዳ።»

«ብቻዬን?»

ኢልዲኮ ውሃውን አየች። «እናትህስ ምን አሉ?»

ሳንደር ወንዝ ላይ ከተወለዱ፣ ወንዝ ላይ ከሚጋቡ፣ ልጃቸውን በገመድ ወገቡን አስረው መርከብ ላይ ከሚያሳድጉ ሰዎች ነው። ለእነሱ ምድር ላይ የሚኖር ሰው፣ ባለጠጋም ይሁን ድኻ፣ ያው የየብስ ሰው ነው፤ ሲጠሩትም ከንፈራቸውን ሸርመም ያደርጋሉ።

«እናቴማ…» ብሎ ጆሮውን አሸ። «የየብስ ሚስት መልሕቅ ናት ትላለች።»

«እውነታቸውን ነው። መልሕቅ የሌለው መርከብ የት እንደሚያድር ጠይቅልኝ።»

ሳቀ፤ ወዲያው ግን ፊቱ ከበደ። «አሁን አትመልሺልኝ። አንቺ ስትናደጂ እሺሽና እንቢሽ ድምፁ አንድ ነው። በሚቀጥለው ጉዞ በዱርንሽታይን ሳልፍ፣ ከፈቀድሽ እጅሽን አንሺልኝ። ካላነሣሽ ገባኝ። ሁለተኛ አላስቸግርሽም።»

«አንተስ እስከዚያ ሐሳብህን ብትለውጥ?»

«እኔ?» አለ፣ የተሰደበ ያህል። «ሰሌዳውን ያላወጣሁ ቀን ሳንደር ሞተ በይ።»

ገመዶቹ ተሳስበው ሁለቱ መርከቦች ቀስ ብለው ተነካኩ። ኢልዲኮ ያን ሁሉ ዓመት እግሯ ውስጥ የተጠራቀመው ደረጃ ሁሉ አንድ በአንድ ሲወርድላት ተሰማት።

እናም ያ ቀትር ደረሰ፤ ራዶሚር ስለ ቀለበቱ የነገራት ዕለት።

ውሃው ወርዷል። በግራም በቀኝም የወንዙ ድንጋይ ጥርሱን አግጥጧል። «ዳኑብ ዛሬ ቀሚሷን ሰብስባለች» ብላ ቀልዳ መንገደኞቹን አስቃለች። ቁርስ አልበላችም። ፀጉሯን ሁለት ጊዜ ሠርታ ሁለት ጊዜ አፍርሳዋለች፤ እንዲህ ያለውን ነገር በሌላ ሴት ላይ ብታየው አንድ ሳምንት በምላሷ ታኝካት ነበር።

ሰዎቿን በግራ በኩል ደረደረች። ንጉሡን አሰረችው። እሷ በቀኝ በኩል፣ ብረቱን ተደግፋ፣ እጇን ለማንሣት አዘጋጅታ ቆመች።

«ኦዲሊያ» ከመታጠፊያው ብቅ አለች። ነጭ ናት። ነጭ ብቻ።

ዘግይቶ ይሆናል አለች በልቧ። አሁን ያወጣዋል። ፀሐዩ ነው የጋረደኝ። ምሰሶው ነው። አሁን። አሁን።

መርከቢቱ አፍንጫዋን ወደ «ጊዜላ» ግራ፣ ወደ ግንቡ በኩል መለሰች።

«አረ ይሄ መርከብ ንጉሡን ሸፈነብን!» ብለው ጮኹ ሚስተር ሃርግሪቭ፣ ካሜራቸውን እያወረዱ።

ኢልዲኮ አልዞረችም። የሞተሩን ድምፅ ከኋላዋ ሰማች፣ ሲቀርብ፣ ትከሻዋ ላይ ሲደርስ፣ ሲያልፍ። ከፊቷ ሰው የሌለበት የወይን ማሳና አንድ የተዘጋ ጎጆ ነበር። ያቺን ጎጆ አየች። ዞር ብላ እንደ ማንኛውም ሴት ብታለቅስ ቀላል ነበር፤ እሷ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ባልተጠራችበት ደጅ አንገቷን አስግጋ አታውቅም። ልትነሣ የተዘጋጀችው እጇ ብረቱን ጨብጣ ቀረች።

«ከዚያስ?» አሉ የሽማግሌው ሚስት። «ንጉሡ ምን ሆነ?»

«ብዙ ተከፍሎለት ወጣ» አለች ኢልዲኮ በድምፅ ማጉያው። «ንጉሥ ስለሆነ ነው።»

ሰዎቹ አጨበጨቡ። ጭብጨባው ፊቷ ላይ እንደተደፋ ቀዝቃዛ ውሃ ነበር።

በሚቀጥለው ጉዞ ወንዙ ጭራሽ ጠፋ። «ጊዜላ» ከላይ ስትመጣ ሜልክ ላይ ቆመች፣ «ኦዲሊያ» ከታች ስትመጣ ክሬምስ ላይ ቆመች፤ መካከላቸው ያለው ሸለቆ አያሳልፍም። እንዲህ ሲሆን ልማዱ የታወቀ ነው፦ መንገደኛው በአውቶቡስ ይለዋወጣል፣ የታችኞቹ ወደ ላይኛው መርከብ፣ የላይኞቹ ወደ ታችኛው ይገባሉ፣ መርከቦቹም ፊታቸውን አዙረው በመጡበት ይመለሳሉ። የመርከብ ሠራተኛ ከመርከቡ ጋር ይቀራል። አስጎብኚ ግን እንደ ሻንጣው ከሰዎቿ ጋር ትሄዳለች።

አዲስ ሰዎች ነበሩ፣ ያው ጥያቄ። መርከቡ አንድ ዓይነት ነው? አልጋችን በዚያው በኩል ነው? ቅርጫት ውስጥ የረሳሁት ካልሲ ይመጣል? «ይመጣል እመቤቴ፣ ካልሲዎ ከእኛ በፊት ደርሷል» እያለች ክሬምስ ወደብ ወረደች።

«ኦዲሊያ» ደጃፍ ላይ ሻንጣ ተራራ ሆኗል። በእንዲህ ያለ ቀን ካፒቴን ብሎ ነገር የለም፤ ሁሉም ይሸከማል። አንድ ትልቅ ቡናማ ሻንጣ ለማንሣት ጎንበስ ስትል፣ በሌላው ጫፍ የያዘው እጅ የሳንደር ነበር።

«እንኳን ደኅና መጣሽ» አለ።

«እንኳን ደኅና ቆየህ። ከባድ ነው፣ ወገብህን ተጠንቀቅ። በዘራችሁ አለ።»

አላስቀመጠውም። እሷም አልለቀቀችም። ሻንጣው በሁለቱ መካከል ተንጠልጥሎ ቀረ።

«ጀርባሽን አየሁት» አለ፣ ቀስ ብሎ።

«ጀርባዬ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነ። ፊትሽን ነበር የጠበቅሁት።»

«ፊቴን የፈለገ ሰው ፊቴ ባለበት በኩል ይመጣል።»

«መጣሁ'ኮ ኢልዲኮ!»

«በየት በኩል?»

ግራ ተጋብቶ አያት። ከወንዙ ጋር ያደገ ሰው ሁሉም ሰው ወንዙን የሚያውቅ ይመስለዋል። «በሚቻለው በኩል ነዋ» አለ።

በሚቻለው በኩል። ቃሉ ከጆሮዋ አልፎ የት እንደደረሰ እሱ አላየም። የሚቻለው ማለት ለእሷ እናቱ የሚፈቅዱት ነው። የሚቻለው ማለት ቀላሉ ነው።

«ገባኝ» አለች። «አራት መርከብና ሮተርዳም ላይ ቤት፣ በእርግጥ ይቻላል። እንኳን ደስ ያለህ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ሙሽራህን ነዋ። ወንዙ ሁሉ የሚያውቀውን እኔ ባልሰማ ደንቆሮ ነኝ?»

ፊቱ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ አመድ መሰለ። «የራዶሚርን ወሬ አምነሽ ነው ጀርባ የሰጠሽኝ?»

«ዓይኔን አምኜ ነው።»

«ዓይንሽ ምን አየ?»

ጥያቄው ጥርሷ ላይ ደረሰ። ሰሌዳውን ለምን አላወጣህም? ሦስት ቃል ናት። ብትተፋት ይበቃ ነበር። ነገር ግን «ለምን» ብሎ መጠየቅ መለመን መሰላት፣ የጡብ ሠራተኛ ልጅ ደግሞ ከባለ መርከብ ልጅ አትለምንም። በዚያ ላይ ደክሟታል። ከሜልክ ጀምሮ ሳይሆን፣ ከስድስት ዓመት ጀምሮ ደክሟታል።

«የሚበቃውን» አለች።

ሳንደር ሻንጣውን አስቀመጠ። ባርኔጣውን አወለቀና እንደ ልማዱ ወደ ደረቱ ሊወስደው ሲል መንገድ ላይ ተወው። «እናቴ ፊት ቆሜ ስላንቺ ስንት ጊዜ እንደተከራከርኩ አታውቂም» አለ። «ከእንግዲህ አንቺ ፊት ቆሜ ስለ ራሴ አልከራከርም። ዓይንሽ ካየ፣ አየ።»

«ይቅርታ፣ ቡናማው የእኔ ነው» አለች አንዲት መንገደኛ በመካከላቸው ገብታ። «ከታች ጠርሙስ አለው፤ ቀስ አድርጋችሁ ነው አይደል ያስቀመጣችሁት?»

«ቀስ አድርገን ነው» አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ።

ከዚያ በኋላ የተነጋገሩት የለም። ያ በአንድ አፍ የወጣ ቃል አብረው የተናገሩት የመጨረሻው ነበር፤ ኢልዲኮም ብዙ ቆይታ ስታስበው የቆረቆራት የጠባቸው ቃል ሳይሆን ይህ ነበር።

ቪየና ሲደርሱ ጠዋት ነው። እሷ ጣሪያው ላይ ቆማ ሰዎቹን ለጉብኝት እየቆጠረች፣ ሳንደር ሸራ ቦርሳውን ትከሻው ላይ አድርጎ በመሸጋገሪያው ወረደ። ከወቅቱ መጨረሻ በፊት መልቀቁን በቁርስ ሰዓት ሰምታለች። መርከብ ላይ የሚኖር ሰው ምድር ሲረግጥ አረማመዱ ሰፋ ሰፋ ይላል፤ ከሩቅ ይታወቃል። ወደ ባቡር ጣቢያው እንዲሁ ሰፋ ሰፋ እያደረገ ሄደ፣ ዞር አላለም። ቢዞር ኖሮ በዚህ ጊዜ ፊቷን ያይ ነበር።

«ዛሬ ምንድን ነው የምናየው?» አላት ከኋላዋ አንድ ሰው።

«ካቴድራል» አለች። ቀይ ዘንጓን አነሣች። ማልቀስ ጉልበት ይጠይቃል፤ እሷ ያላት ጉልበት ለደረጃው ብቻ የሚበቃ ነበር።

ዓመታት አለፉ። ኢልዲኮ ሊንዝ ላይ አንድ የሙዚቃ መምህር አገባች፤ ጠብ የማያውቅ፣ ሲጋግር የሚያንጎራጉር ሰው ነው። ሴት ልጅ ወለዱ። ሳንደርም ራይን ላይ አግብቶ መውለዱን ነገሯት፤ «እግዜር ይባርክላቸው» አለች፣ ከአንገት በላይ አልነበረም። ከረጅም ጉዞዎቹ ወጥታ አሁን ከክሬምስ ሜልክ ደርሶ በሚመለስ የቀን መርከብ ላይ ነው የምትሠራው። ንጉሡን ዛሬም ታስረዋለች።

ወንዙ ድንጋዩን ባገጠጠበት አንድ መስከረም፣ መሪው ክፍል በር ላይ ቆማ ከወጣቱ ካፒቴን ጋር ሻይ ስትጠጣ፣ ከሜልክ ቁልቁል እየተመለሱ ሳለ ከታች ሽቅብ የሚወጣ መርከብ መጣ። ካፒቴኑ ወደ ግራ አሳለፈው። መንገደኞቹ ግንቡ ተሸፈነብን ብለው አጉረመረሙ።

«ምናለ በቀኝ ቢያልፍ?» አለችው። «ሰሌዳውን አውጥቶ። ሰዎቼ ፎቶ ያነሡ ነበር።»

«እዚህ ጋ?» ብሎ ሳቀ ልጁ። «ፈቃዱን ልታስነጥቂው ነው እትዬ? ውሃው እንዲህ ሲወርድ በዚያ በኩል ጠጠር ይቆለላል። ዱርንሽታይን ላይ ሰማያዊ ሰሌዳ ማውጣት ክልክል ነው፤ ለሁሉም መርከብ ማስጠንቀቂያ ይመጣል።»

ሻዩን ከከንፈሯ መለሰች። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ኧረ የቆየ ነው። እኔ ገና ተማሪ ሳለሁ ወንዙ ጠፍቶ መንገደኛ በአውቶቡስ የተለዋወጠበት ዓመት አልነበረም? ያኔ ነው የተጀመረው። ያን ዓመት ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ውሃው እስኪመለስ ድረስ እዚህ ሰሌዳ ያወጣ አንድም መርከብ የለም።»